የሰሊጡ ሒሳብ በየትኛው ኤዲተር ይጻፍ?



በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ከምትገኘው ከቁረይሻ የመጣው ግብዣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ነበር። ኮድ መጻፍ ለሚጀምር ሰው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኖትፓድ ይበቃዋል ወይስ እንደ ቪኤስ ኮድ ያለ፣ ሁሉ የተሟላለት ኤዲተር መጫን አለበት? ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ ቢነሣ መልሱ ብዙ አያነጋግርም፤ «አውርደህ ጫን» ይባላል፣ አለቀ። ገዳሪፍ ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ሱዳን ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። በ2024 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ እንኳን ኤዲተር ማውረድ ዘመድ ደኅና መሆኑን መጠየቅም ቸግሮ ነበር። መብራቱም ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የኤዲተር ምርጫ የጣዕም ጉዳይ አይሆንም።

በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋናው ሐሳብ ደግሞ ይኸው፦ ኤዲተር የሚመረጠው በስሙ ወይም በመልኩ አይደለም፤ በፋይላችሁ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው። ፊደላችሁን ሳያበላሽ ያስቀምጣል ወይ? ስሕተታችሁን ይነግራችኋል ወይ? ያላችሁ ላፕቶፕ ይችለዋል ወይ? መብራት ድንገት ሲሄድስ ምን ያተርፍላችኋል? ንግግሩ በእነዚህ ጥያቄዎች ተራ ይሄዳል። ከአራቱ ግን አንደኛው ረዘም ይላል፤ እኛን ከሌላው ዓለም ለይቶ የሚነካን እሱ ነውና።

አዳራሹ ውስጥ ሰሊጥ የማያውቅ ሰው ስለማይኖር ምሳሌውም በሰሊጥ ይሁን። አንድ ወጣት ለአጎቱ መጋዘን ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ሊጽፍ ተነሣ እንበል። ፕሮግራሙ የገባውን ኩንታል፣ የወጣውን ኩንታልና ቀሪውን ያሰላል። የባለንብረቶቹ ስም ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በዐረብኛ ይመዘገባል። ልጁ ያለው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪውም አይይዝም።

መጀመሪያ ሁለቱን ወገኖች እንወቃቸው። ኮድ የሚጻፈው በተራ ጽሑፍ ነው፤ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ ባዶ ቦታና የመስመር መጨረሻ ብቻ። የደመቀ ፊደል የለም፣ የፎንት መጠን የለም። ማይክሮሶፍት ዎርድ ለኮድ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ሳይጠይቅ ቆልምሞ ያስቀምጠዋል፣ ፓይተንም አላውቀውም ይላል። ኖትፓድ ከ1985ቱ የመጀመሪያ ዊንዶውስ ጀምሮ የነበረ ተራ የጽሑፍ ኤዲተር ነው። ይከፍታል፣ ያጽፋል፣ ይፈልጋል፣ ይተካል፣ ሴቭ ያደርጋል። ለብዙ ዓመታት የሠሩትን መልሶ መሰረዝ እንኳ የሚችለው አንድ እርምጃ ወደኋላ ብቻ ነበር።

ቪኤስ ኮድ በ2015 ከማይክሮሶፍት የወጣ ነጻ ኤዲተር ነው። የኮዱን ክፍሎች በቀለም ይለያል፣ ስሕተት ካለ ከሥሩ በቀይ ያሰምራል፣ የጀመራችሁትን ስም ይጨርሳል፣ ፕሮግራሙን እዚያው ያስኬዳል፣ ከጊት ጋር ሆኖ የለውጦችን ታሪክ ይይዛል። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በ2024 ባደረገው መጠይቅ ከመለሱት ገንቢዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንጠቀምበታለን ብለዋል። ዩቲዩብ ላይ ኮድ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ያን ጥቁር ገጽ ከፍቶ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ቀለል ያሉት አሉ፦ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ጂኒ፤ እንዲሁም አንጋፋዎቹ ቪምና ኢማክስ።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ።

ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ የማያውቅ አለ? ማመልከቻ በፍላሽ ይዞ ለማሳተም የሄደ ሰው፣ ጸሐፊዋ ስትከፍተው ገጹ በላቲን ጉራማይሌ ተሞልቶ ሲያገኘው የሚሰማውን ያውቀዋል። «ፎንቱ የለም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ነገሩ ከፎንት ያለፈ ነው። በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አትላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሲታገሉ፣ ማሽኑ ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች የ«ሀ»ን ሥዕል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ያልበቃውን ለሌላ ፎንት አካፈሉ፣ ወይም ፊደሉን ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት። በኋላ የመጡት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ቢሮዎችን ሁሉ ያዳረሱት በዚህ ዘዴ ነው። ሁሉም ሥዕሎቹን በየራሱ አደላደል አስቀመጠ። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግዲህ አማርኛ አልነበረም፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንት ሲነሣ የሚታይ የላቲን ኮድ ነበር።

ዩኒኮድ ይህን የለወጠው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ለእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። «ሀ» 4608 ናት፤ በቁረይሻም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም 4608 ናት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን ፊደላችንን በሦስት ባይት ያስቀምጣል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ነገር አለ፤ የኤዲተርን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ከዩኒኮዱ እትም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ኢማክስ የተባለው ኤዲተር በ20ኛ እትሙ የብዙ ቋንቋ አቅም ይዞ ወጣ። አቅሙን የሠሩት የጃፓን ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ከተካተቱት ፊደላት መካከልም የእኛው አለ። የሚጻፈውም ዛሬ በስልካችሁ እንደምታደርጉት የላቲኑን ድምፅ እየመቱ ፊደሉ እንዲወጣ በማድረግ ነው፤ መሠረቱ ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ግን በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጋር ነው፤ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። የፕሮግራመሮች ከባድ መሣሪያ ተብሎ የሚፈራው ኤዲተር ከቢሮው ኮምፒውተር አሥር ዓመት ቀድሞ አማርኛ አወቀ ማለት ነው። ሙሉ ኤዲተር ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ኖትፓድስ? እዚህ ላይ የሰሊጡ ልጅ ይጎዳል። እስከ 2019 ድረስ ኖትፓድ ፋይል ሴቭ ሲያደርግ ሳይነገረው የሚመርጠው አንሲ የተባለውን አሮጌ አቀማመጥ ነበር። ይህ አቀማመጥ ለአማርኛ ቦታ የለውም። ልጁ በዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ላይ የባለንብረቶቹን ስም በአማርኛ ጽፎ ሴቭ ሲል አንድ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ አንዳንድ ፊደላት ይጠፋሉ ይላል። ብዙ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። ፋይሉን ዘግቶ ሲከፍተው ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል።

እዚህ ላይ የሚጠቅም መለያ አለ፤ ማስታወሻ የያዛችሁ ጻፉት። አማርኛችሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ አትደንግጡ፤ ፋይሉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። አንዱ ፊደል ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ፣ የእያንዳንዱም መጀመሪያ በራሱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ሆኖ ከታየ፣ ዩቲኤፍ-8 የሆነውን ፋይል ኤዲተሩ በአንሲ እያነበበው ነው፤ አነባበቡን ቀይሩለት፣ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሄዷል። ማሽኑ ፊደሉን አውጥቶ በምትኩ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ጽፏል፤ ከዚያ ፋይል ውስጥ ስሙን የሚያወጣ ባለሙያ የለም።

ከ2019 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 እትሞችና በዊንዶውስ 11 ላይ ኖትፓድ ያለ ጥያቄ ዩቲኤፍ-8ን ይመርጣል። የድሮው ኖትፓድም ዩቲኤፍ-8 ያውቃል፤ ሴቭ ሲደረግ ከሥር ኢንኮዲንግ የሚለውን ሳጥን ከፍቶ መምረጥ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ይጨምር ስለነበር በፒኤችፒ ዌብሳይት የሠሩ ሰዎችን ብዙ አስለቅሷል። ቪኤስ ኮድ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ጂኒ ፋይሉ በምን አቀማመጥ እንዳለ ከገጹ ግርጌ ሁልጊዜ ያሳያሉ። ለአማርኛ ጸሐፊ ከቀለሙና ከጌጡ ሁሉ የምትበልጠው ያቺ የግርጌ መስመር ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ ስሕተትን ስለ መናገር ነው።

የሰሊጡ ልጅ በኖትፓድ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጽፎ «ሰሊጥ ነጥብ ፒዋይ» ብሎ ሰየመው። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ስለሚደብቅ፣ ኖትፓድም የራሱን «ቲኤክስቲ» ከኋላ ስለሚቀጥል፣ ፋይሉ ባለሁለት ጅራት ሆኖ ተቀመጠ። ፓይተን ፋይሉን አጣሁት ይላል፤ ልጁ ደግሞ ዓይኔ እያየው ይላል። በየማሠልጠኛው የመጀመሪያው ሰዓት የሚባክነው በዚህ ነው። መፍትሔው ሴቭ ሲደረግ የፋይሉን ዓይነት «ሁሉም ፋይሎች» ማድረግ፣ ወይም ስሙን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ነው።

ቀጥሎ ያለው ችግር የእኛው የብቻችን ነው። ልጁ የባለንብረቱን ስም በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ሁለት ነጥብ መታ። የገባው የእኛው «፡» ነው፤ ቁጥሩ 4961። ለዓይን ከላቲኑ ሁለት ነጥብ ጋር መንትያ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ፈጽሞ አይተዋወቁም። «፣» እና «፤»ም እንዲሁ ናቸው፤ የዐረብኛው ነጠላ ሰረዝም ከዚህ አያመልጥም። ኖትፓድ ስለዚህ ምንም አይልም፤ አያውቅምና። ፓይተን ሲያስኬዱት ያልተፈቀደ ምልክት አለ ብሎ መስመሩን ይጠቁማል። ቪኤስ ኮድ ከፓይተን ኤክስቴንሽኑ ጋር ከሆነ ግን ገና ጣታችሁ ከቁልፉ ሳይነሣ በቀይ ያሰምርበታል።

የመስመር አገባብም አለ። ፓይተን የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሆነ የሚለየው በመስመሩ መጀመሪያ ባለው ባዶ ቦታ ነው። አንዱን መስመር በታብ፣ ሌላውን በስፔስ ካስገባችሁ ኢረር ይሰጣል፤ በኖትፓድ ገጽ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ባዶ ናቸው። ለኮድ የተሠሩት ኤዲተሮች፣ ትንሹ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ጭምር፣ ባዶውን ቦታ እንዲታይ ማድረግ ይችላሉ።

ዐረብኛና አማርኛን በአንድ መስመር ለምትጽፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛውና ኮዱ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄዱ፣ በስክሪን የሚታየው ቅደም ተከተል ፋይሉ ውስጥ ካለው ሊለይ ይችላል። በ2021 ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኒኮላስ ባውቸርና ሮስ አንደርሰን፣ አቅጣጫ የሚቀይሩትን የማይታዩ ምልክቶች በኮድ ውስጥ በመደበቅ ሰው የሚያነበውና ማሽኑ የሚፈጽመው ነገር የተለያየ እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ቪኤስ ኮድ በዚያው ሰሞን እንዲህ ያለ ምልክት ሲያገኝ ማስጠንቀቅ ጀመረ። በድንበር ከተማ ሁለት ፊደል ይዞ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተሻለው ልማድ ግን ስሞቹን ከኮዱ አውጥቶ በሌላ የጽሑፍ ፋይል፣ አንድ መስመር ለአንድ ስም እያደረጉ ማስቀመጥ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወደ ሙሉው ኤዲተር ያጋደለ ይመስላል። የሚያስቆጨው አሁን ይመጣል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላፕቶፑ ነው። ቪኤስ ኮድ የተሠራው ኤሌክትሮን በተባለ መሠረት ላይ ነው። በቀላል አነጋገር እያንዳንዱ ቪኤስ ኮድ ሆዱ ውስጥ የክሮም ዓይነት ብራውዘር ይዟል። ማይክሮሶፍት አንድ ጊጋ ራም ይበቃዋል ይላል፤ ይህ ግን ባዶውን ሲከፈት ነው። ኤክስቴንሽን ተጨምሮበት ከጎኑ ክሮም ሲከፈት አራት ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ማቃሰት ይጀምራል፤ ማቃሰት ማለት ደግሞ ባትሪ መብላት ማለት ነው። ዊንዶውስ 7 ላላችሁ ከዚህ የባሰ ወሬ አለ፦ በዚያ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ቪኤስ ኮድ የ2022ቱ 1.70 ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አይነሡም።

ኔትወርኩም አለ። ባዶው ቪኤስ ኮድ ግማሽ ሰው ነው፤ ፓይተንን በቅጡ የሚያውቀው ኤክስቴንሽን ሲወርድለት ነው። ነገር ግን ብዙዎች የማያውቁት መንገድ አለ። ኤክስቴንሽንን ኔት ካለበት ቦታ እንደ ፋይል አውርዶ በፍላሽ ማምጣትና ከፋይል ጫን ማለት ይቻላል። ኤዲተሩንም ራሱን ሳይጭኑ ከፎልደር በሚነሣ መልኩ በፍላሽ መያዝ ይቻላል። ከገዳሪፍ ከተማ ወደ ቁረይሻ የሚመጣ አንድ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

ኮዱን ራሱ የሚጽፉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችም ይነሣሉ፤ ኮፓይለት ከ2021 ጀምሮ ቪኤስ ኮድ ውስጥ አለ። እንዲህ ያሉት የሚሠሩት ኔት ሲኖር ነው። መረቡ በተቋረጠ ቁጥር ሥራው የሚቆም ከሆነ የተማረው ልጁ ሳይሆን መስመሩ ነበር ማለት ነው። ለጀማሪ ለጊዜው ባይከፈት ይመረጣል፤ ይህ የተናጋሪው አስተያየት ነው፣ የማይስማማ ይኖራል።

አራተኛው የመብራት ነገር ነው። እዚህ ኤዲተሮቹ ያላቸው ልዩነት ከሚገመተው ይሰፋል። የድሮው ኖትፓድ መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የዊንዶውስ 11ዱ አዲሱ ኖትፓድ ከ2023 ወዲህ ሴቭ ያልተደረጉ ገጾችን መልሶ መክፈት ጀምሯል፤ የሰሊጡ ልጅ ግን እሱ የለውም። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ቅንብሩ ካልተነካ በየ7 ሰከንዱ ያልተቀመጠውን በጎን ይቀዳል። ቪም 200 ፊደል በጻፋችሁ ቁጥር ወይም 4 ሰከንድ ጣታችሁ ባረፈ ጊዜ ወደ መጠባበቂያ ፋይሉ ይጽፋል። ቪኤስ ኮድም ያልተቀመጠውን በጎን ይይዛል፤ አውቶ ሴቭ የሚባለውንም መክፈት ይቻላል። ባትሪው ለማይዝ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ መስፈርት ማግኘት ይከብዳል።

ቪም ከተነሣ ሰውየውን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ይሆናል። ቪም የበቀለው በ1976 ቢል ጆይ በካሊፎርኒያ ከጻፈው ቪአይ ነው። ጆይ ከቤቱ የሚሠራው በ300 ባውድ ሞደም ነበር፤ በሰከንድ 30 ፊደል ያህል የሚያሳልፍ መስመር ማለት ነው። ትእዛዞቹ አንድ አንድ ፊደል ብቻ የሆኑት፣ ጀማሪንም ከውስጡ መውጫው እስኪጠፋው የሚያደናግሩት፣ ለዚያ ቀርፋፋ መስመር ስለተሠሩ ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር በ1991 ቪምን አወጣ፤ በነጻ። ዋጋ ለሚጠይቁት መልሱ በደቡብ ኡጋንዳ ኪባሌ ለሚገኙ ወላጅ ላጡ ሕፃናት እርዱ የሚል ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲነሣም ይህን መልእክት ያሳያል። ሞለናር ኦገስት 2023 አረፈ። ቪም ግን ዛሬም አሮጌ ማሽን ላይ ሳይቃትት ይነሣል፤ ዌብሳይት የሚቀመጥባቸው ሊኑክስ ሰርቨሮችም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቃችሁ እሱ ወይም ዘመዱ ነው። ቀን በቀን ባትሠሩበትም ገብቶ አንድ መስመር አርሞ መውጣትን መልመድ ይጠቅማል።

«ተራ» እና «ሙሉ» የሚለው ድንበርም እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ማይክሮሶፍት ከሬድሃትና ከኮዴንቪ ጋር ሆኖ አንድ የመግባቢያ ሥርዓት አወጣ፤ ስሕተት ጠቋሚውና ስም ጨራሹ ክፍል ከኤዲተሩ ውጭ ሆኖ ማንኛውንም ኤዲተር እንዲያገለግል የሚያደርግ። በዚህ የተነሣ ቪምና ኢማክስም ዛሬ በቀይ ማስመር ይችላሉ። በተቃራኒው ትልልቆቹ ይሞታሉ፦ ጊትሃብ የሠራው፣ በጊዜው ሁሉ የሚያወራለት አተም፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2022 ተዘጋ። በአተም የተጻፉ ፋይሎች ግን አንዳቸውም አልተነኩም፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ በማግሥቱ በኖትፓድም ተከፍተዋል። በፓወር ግዕዝ ተጽፈው ዛሬ ፎንቱ ስለጠፋ የማይነበቡት የየቢሮው ደብዳቤዎች ይህ ዕድል አላገኙም።

ስለ ስልክ ባጭሩ። ላፕቶፕ የሌላችሁ እንዳላችሁ ይታወቃል። አንድሮይድ ላይ አኮድን የመሰሉ ኤዲተሮች አሉ፤ ከዩቲኤፍ-8 ጋር አይጣሉም። ዌብ ገጽ ለመልመድ ይበቃሉ፤ ረጅም ፕሮግራም ለመጻፍ ግን ጣት ይደክማል።

ታዲያ ለጥያቄያችሁ መልሱ ምንድን ነው? በጁላይ 2024 ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ድንበሩን ተሻግራችሁ በኔት የምትከታተሉ ካላችሁ፣ ወይም ከመተማ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚከታተሉ ከሆነ፣ ኖትፓድ ብቻ ይዞ መከተል ሊያደክም ይችላል። የተናጋሪው ምክር እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፕሮግራሞች በኖትፓድ ጻፉ። ቅጥያ ምን እንደሆነ፣ ኢንኮዲንግ ምን እንደሆነ፣ ፓይተን ራሱ ሲቆጣ ምን እንደሚል የምታውቁት ያኔ ነው፤ ኤዲተሩ ሁሉን ሸፍኖ ከሠራላችሁ ግን እነዚህ ነገሮች የሚገለጡላችሁ ኤዲተሩ በተበላሸ ቀን ይሆናል። ይህ ግን የልምምድ ጊዜ እንጂ ዓመት አይደለም። ከልምምዱ በኋላም በኖትፓድ የሚቆይ ሰው ጀግንነት ሳይሆን ጊዜ ማባከን ነው የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን እዩ። ስምንት ጊጋ ራምና ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ ቪኤስ ኮድ ከነፓይተን ኤክስቴንሽኑ ጫኑ፤ አውቶ ሴቭ ክፈቱ። አራት ጊጋ ከሆነ ቪኤስ ኮድን ክሮም ተዘግቶ ሞክሩት፤ ካቃሰተ ተዉት። ዊንዶውስ 7 ላይ ላለው የሰሊጡ ልጅ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ለብዙዎቻችሁ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይሻላል። ዶን ሆ የተባለ ገንቢ በ2003 ያወጣው ነጻ ኤዲተር ነው፤ መጫኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትም ይወርዳል። ኢንኮዲንጉን ከግርጌ ያሳያል፣ በየ7 ሰከንዱ ይቀዳል፣ ኮዱን በቀለም ይለያል። የቀይ መስመሩን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ እሱን ከፓይተን ኢረር ላይ ማንበብ ትለምዳላችሁ።

ፍላሽ ላይ ለመያዝ የሚበቃው ይህ ነው፦ የፓይተን መጫኛ (ለዊንዶውስ 7 የ3.8 እትም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አይቀበሉትም)፣ የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ መጫኛ፣ ከፎልደር የሚነሣው ቪኤስ ኮድና የፓይተን ኤክስቴንሽኑ ፋይል፣ የኪማን የአማርኛ ኪቦርድ፣ አንድ የዩኒኮድ የአማርኛ ፎንት። ከሰው ፍላሽ ስትቀዱ ቫይረስ መፈተሹን አትርሱ፤ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው የሚዞር ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

የሰሊጡ ፕሮግራም ራሱ አጭር ነው። ላፕቶፕ የያዛችሁ አሁን ኖትፓድ ክፈቱና የመጀመሪያውን መስመር አብረን እንጻፍ፤ መብራቱ ከመሄዱ በፊት እንድንጨርስ። ስሙን በአማርኛ ከጻፋችሁ በኋላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ሴቭ ስትሉም የፋይሉን ዓይነት «ሁሉም ፋይሎች» አድርጉና ከሥር ኢንኮዲንግ በሚለው ሳጥን ዩቲኤፍ-8 መመረጡን ከጎናችሁ ላለው ሰው አሳዩት።